ስለ መስማት ምርመራ

በገራዶና በአካባቢው በሚገኙ የመንደር ተማሪ ቤቶች፥ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፥ የታዘዘውን ትቶ ሌላ የሚሠራ፥ ከሰሌዳ ሲቀዳ ግን የማይሳሳት ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ሰነፍ ወይም እልከኛ ይባላል። መምህሩ ይቈጣዋል፤ ወላጆቹም ከብት ይጠብቅ ብለው ከትምህርት ያስቀሩታል። ይህ ሳይመረመር የተፈረደ ፍርድ ነው። የደከመው ልቡ ይሁን ወይስ ጆሮው፥ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

«ይህ ልጅ የአህያ ጩኸትና ደወል ይሰማል፤ እንግዲህ ደኅና ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ድምፅ ወፍራምና ቀጭን አለው፤ አንዱን አጥርቶ የሚሰማ ጆሮ ሌላውን ላይሰማ ይችላል። ከአማርኛ ድምፆች ሰ፥ ፈና ሸ ቀጭንና ደካማ ናቸው። እነዚህን የማይለይ ልጅ መምህሩ «ሠራህን?» ሲለው «ፈራህን?» ያለው ይመስለዋል። «አልፈራሁም» ብሎ በመለሰ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ይሥቅበታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ዝም ማለትን ይመርጣል።

መምህሩ ያለ አንዳች መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና አለ። ጸጥ ባለ ስፍራ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከልጁ በስተ ኋላ ይቁም፤ ይህም ከንፈሩን አይቶ እንዳይረዳ ነው። ልጁ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ያሻሸው፤ መምህሩም ትንፋሹን ካወጣ በኋላ ቍጥርና ፊደል ቀላቅሎ በሹክሹክታ ይናገር፤ ልጁም ይድገመው። በሁለት ጊዜ ከተነገሩት ስድስቱ ሦስቱን እንኳ ያልደገመ እንደ ሆነ፥ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጆሮ እንዲሁ ለብቻው ይፈተን።

ከገራዶ ደሴ ቅርብ ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ደሴ ሆስፒታል ነው። የመስሚያ መለኪያው ወይም ለመመርመር የሚያስፈልገው ባለሙያ በዚያ ካልተገኘ፥ ሐኪሙ ወደ ሌላ ስፍራ በደብዳቤ ይልካል፤ በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል አላቸው። ከመሄድ በፊት ጆሮን በእንጨትም ሆነ በላባ መጐርጐር፥ ቅቤ ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ማፍሰስ አይገባም። ኩኩን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከወፍጮና ከሌላ ብርቱ ጩኸት መራቅ ይጠቅማል፤ ጩኸት ጆሮን ለጊዜው ያደክማልና።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ይጠይቃል። ልጁ ኩፍኝ ወይም ማጅራት ገትር ታሞ ነበርን? ጆሮው መግል ይፈሳልን? ብርቱ መድኃኒት በመርፌ ተወግቶ ያውቃልን? ከዘመዶቹ መካከል ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማ አለን? እናቱ ይህን ሁሉ ከአባቱ ይልቅ ስለምታውቅ እርስዋ ብትሄድ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መብራት ባለው ትንሽ መሣሪያ የጆሮውን ታምቡር ያያል። ይህ አያምም።

ከዚህ ቀጥሎ ልጁ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ይቀመጣል፤ በሁለቱ ጆሮዎቹም ላይ የድምፅ ማዳመጫ ይደረግለታል። ኦዲዮሜትር የሚባለው መሣሪያ ልዩ ልዩ ድምፅ ያሰማል፤ የድምፁ ቅጥነት በኸርዝ፥ ብርታቱም በዴሲቤል ይለካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያለው ነው። ልጁ ድምፅ በሰማ ቍጥር እጁን ያነሣል ወይም ቍልፍ ይጫናል። ድምፁ እየደከመ ሄዶ ሊጠፋ ሲቃረብ እንኳ ማንሣት እንደሚገባው አስቀድሞ ይነገረው፤ ብዙ ልጅ አጥርቼ ካልሰማሁ አላነሣም ብሎ ውጤቱን ያበላሻልና። ለሕፃናት ምርመራው እንደ ጨዋታ ይደረጋል፤ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሕፃኑ ትንሽ እንጨት ወደ ዕቃ ውስጥ ይጥላል።

ከዚያም ሌላ መሣሪያ ከጆሮው በስተ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ይደረጋል። ይህ ታላቅ ነገር ይለያል። በአጥንት በኩል ደኅና ሰምቶ በጆሮው ቀዳዳ በኩል ያልሰማ እንደ ሆነ፥ ችግሩ በውጭው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ነው፤ ኩክ፥ መግል ወይም የተቀደደ ታምቡር ሊሆን ይችላል፥ ይህም ብዙ ጊዜ ይታከማል። በሁለቱም መንገድ እኩል ያልሰማ እንደ ሆነ ግን፥ ጉዳቱ በውስጠኛው ጆሮ ወይም በነርቩ ነው፤ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ነው። ቃል አስደግሞ የሚፈትን ሐኪም ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ሊጠይቀው ይገባል፤ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ቃል ቢፈተን የተለካው ጆሮው ይሁን ቋንቋው አይታወቅም።

ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ወረቀት ላይ ይጻፋል። የቀኝ ጆሮ በክብ፥ የግራው በመስቀል ምልክት ይታያል፤ ምልክቱ ወደ ታች በወረደ መጠን መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች ደኅና፥ ከ20 እስከ 35 ያለው ቀላል ድካም፥ ከ35 እስከ 50 ያለው መካከለኛ ድካም ይባላል። ያው ድርጅት ከልጆች የመስማት ጉድለት መቶ እጅ ስልሳው ሊከለከል ይችል እንደ ነበረ ይናገራል፤ መግል የሚፈሰውን ጆሮ ቶሎ ማሳከምና ልጆችን የኩፍኝ ክትባት ማስከተብ ከመከላከያው ዋነኞቹ ናቸው።

በዕድሜ የገፉ ሽማግሎችም ይህንኑ ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ቀጭኑ ድምፅ አስቀድሞ ስለሚጠፋባቸው፥ በሸንጎ ሰው ሲናገር «ድምፁን እሰማለሁ፥ ቃሉን ግን አልለይም» ይላሉ፤ ይህም የሚለካ ነገር ነው።

ወረቀቱ ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ በሣጥን ተቈልፎ እንዳይቀር፥ ለመምህሩ ይታይ። መምህሩም ልጁን ከፊት፥ ደኅና የሚሰማው ጆሮ ወደ እርሱ በሚሆንበት ወገን ያስቀምጠው፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ አይናገር፥ ብርሃኑም በፊቱ ላይ ይሁን። ፈጽሞ ለማይሰማው ልጅ የምልክት ቋንቋ አለ፤ ይህ ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል።