ኡቲስ ስለሚባለው ዛፍ ትምህርት

የተራራ አገር ደኑ ከተመነጠረ በኋላ ዝናቡ የለማውን ዐፈር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ባለርስቱ መሬቱን፥ ገበሬው እህሉን ያጣል። ይህን ጉዳት ከሚከለክሉት ዛፎች አንዱ በኔፓል ሰዎች ቋንቋ ኡቲስ የሚባለው ነው። የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ዴቪድ ዶን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 ዓመተ ምሕረት አልኑስ ኔፓሌንሲስ ብሎ ሰይሞታል።

ኡቲስ በሂማላያ ተራሮችና እስከ ደቡብ ምዕራብ ቻይና ድረስ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል፤ ፈጥኖ አድጎም እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ተራራ ተንዶ ባራቆተው ስፍራ ቀድመው ከሚበቅሉት አንዱ እርሱ ነው። ምክንያቱም በሥሩ እባጮች ውስጥ ፍራንኪያ የተባሉ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት አሉ፤ እነርሱም ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለዛፉ ይሰጡታል፤ ቅጠሉም ረግፎ ሲበሰብስ መሬቱን ያዳብራል።

ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በለሰለሰ መደብ ላይ ይዘራል፤ ዐፈርም በስሱ ይነሰነስበታል። ብዙ ሳይቈይ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ ማሳደር አይገባም። በመደቡም ላይ ከአሮጌ ኡቲስ ሥር የተወሰደ ዐፈር ቢጨመር ደቂቅ ነፍሳቱ ወደ ችግኙ ይተላለፋሉ። ዛፉ ብርሃንና እርጥበት ይወዳል፤ ጥላን አይችልም፤ ሥሩም ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በሚበረታበት ስፍራ ይወድቃል።

በሕንድ አገር በናጋላንድ ውስጥ ያሉት የኮኖማ ገበሬዎች ኡቲስን ከሥሩ አይቈርጡም፤ ግንዱን አስቀርተው ላዩን ይቈርጡና በመካከሉ እህል ይዘራሉ። ሁለት ዓመት ያህል ካረሱ በኋላ መሬቱን ያሳርፋሉ፤ ግንዱም እንደገና ያቈጠቍጣል። በሲኪም ደግሞ ታላቁን ሄል በጥላው ሥር ይተክላሉ።

እንጨቱ ለማገዶና ለሣጥን ይሆናል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ በመሬት ውስጥ ለሚተከል ምሰሶ አይበጅም።

ይሁን እንጂ ይህ ዛፍ በባዕድ አገር ሊያስቸግር ይችላል፤ በሐዋይ ደሴቶች ከተተከለበት አልፎ በአገሩ ዕፀዋት ላይ ተስፋፍቷል። ስለዚህ አስተዋይ ሹም አስቀድሞ በጥቂት መሬት ይፈትነዋል፤ ባለርስትም ገበሬውን ከሥር እንዳይቈርጥ፥ ቅርንጫፉን ግን እንዲጠቀምበት ቢፈቅድለት፥ ዛፉም ዐፈሩም ለልጅ ልጅ ይቈያል።