እስልምናን የሚያጠና ክርስቲያን፦ ይቀጥል ወይስ ይተው?



ባለፈው የበጋ ወራት የቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንዲት ቅዳሜን ለጥናትና ለአርምሞ መድበን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥተን ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል 705 ሄክታር የሚሸፍን ሰፊ ሥፍራ በመሆኑ፣ ከከተማው ጩኸት ለጥቂት ሰዓት ርቆ መጸለይ የሚሻ ሰው ጥላም ጸጥታም ያገኝበታል። የዕለቱ ርእሳችን የሕፃናት ትምህርት አሰጣጥ ነበር። ነገር ግን ከምሳ በኋላ በጽድ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ወጣት መምህር ያነሣው ጥያቄ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ወሰደው። ስሙን ሳንጠቅስ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ጥያቄውንና የተሰጠውን መልስ እዚህ እናቀርባለን፤ በየቁምስናው ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ዝም ያሉ ጥቂቶች እንዳልሆኑ እናምናለንና።

ይህ ወንድማችን የወሎ ተወላጅ ሲሆን የእናቱ ወንድም ሙስሊም ናቸው። አጎቱን የበለጠ ለመረዳት በማሰብ ሁለት ዓመት ሙሉ እስልምናን ሲያጠና ቆይቷል። ቁርኣንን በአማርኛ ትርጉም አንብቧል፤ የዐረብኛ ፊደልም ጀምሯል። «አሁን ግን» አለን፣ «ጸሎተ ሃይማኖት ስናደርስ ስለ ወልድ የሚናገረው ክፍል ላይ ስደርስ ልቤ ይቆምብኛል። በዚያው እሑድ ደግሞ ለመጀመሪያ ቁርባን በሚዘጋጁ ሕፃናት ፊት እቆማለሁ። ጥናቱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት እኅት ፈጥና፣ «ልጄ፣ እሳት እየጫረ የሚሞቅ ሰው ልብሱ ቢቃጠል ማንን ይወቅሳል? ተወው እንጂ!» አለችው። ሌላው ደግሞ «እውነትን የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ሲል ተቃወማት። በኛ አስተያየት ሁለቱም ቸኩለዋል፤ ሁለቱም ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል።

አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምን እንደሆነ እንመልከት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ዓ.ም. ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ በሦስተኛው ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን አንዱንና ሕያው ፈጣሪን የሚያመልኩትን ሙስሊሞች በአክብሮት እንደምትመለከት፣ የቀደመውን ጠብ ትቶ እርስ በርስ ለመግባባት በቅንነት መጣር እንደሚገባ ያስተምራል። ሳይማሩ መግባባት ደግሞ አይቻልም። የአፍሪካ ሚስዮናውያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1926 በቱኒስ የጀመረው፣ በ1964 ወደ ሮም የተዛወረው ጳጳሳዊ የዐረብኛና የእስልምና ጥናት ተቋም እስከ ዛሬ ካህናትንም ምእመናንንም የሚያስተምረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ማጥናቱ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ይናገራል።

በሀገራችን ነገሩ ከዚህም በጣም ይቀድማል። በሙስሊሞች ትውፊት እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ዓ.ም. ገደማ ከመካ ስደት ሸሽተው የመጡት የሙሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ፊት ሲቀርቡ፣ ጃዕፈር የተባለው ተወካያቸው ስለ እመቤታችን ከሚናገረው ከመርየም ምዕራፍ አነበበ፤ ንጉሡና በዙሪያው የነበሩት ጳጳሳትም ሰምተው አለቀሱ። ሙስሊሞች ንጉሡ ኋላ እምነታቸውን ተቀበለ ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ይህን አንቀበልም። ስለ መስማቱ ግን የሚከራከር የለም። ስደተኞቹን አሳልፎ ያልሰጠው ካዳመጣቸው በኋላ ነበር።

ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አባ እንባቆም ተነሡ። ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ተጠምቀው በደብረ ሊባኖስ መነኰሱ፣ በኋላም እጨጌ ሆኑ። ከተጠመቁ በኋላ ዐረብኛቸውን እንደ አሮጌ ልብስ አልጣሉትም፤ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱበት። በኢማም አሕመድ ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1540 ዓ.ም. ለዚያው ለኢማሙ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፉ፣ ስለ ክርስቶስ የተናገሩት ቁርኣኑን ራሱን እየጠቀሱ ነበር። መጽሐፉ በጦርነት መካከል የተጻፈ ክርክር ነውና ዛሬ ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጡ የሚነገርበት ቃና አይደለም። ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ይዘቱን አለማወቃችን ግን ያሳፍራል።

ይሁንና የእኅታችንን ፍርሃት ልናቃልለው አይገባም። ጥናት ሰውን ከቆመበት ሊያነሣ ይችላል። የበጌምድሩ ሼክ ዘካርያስ የቁርኣን ሊቅ ነበሩ፤ ያንኑ መጽሐፍ በጥልቅ ሲመረምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. ተጠምቀው ክርስቲያን ሆኑ። አንድ ሙስሊም አባት ይህን ታሪክ ለልጁ ቢነግረው ልጁን ከጥናት ሊያስፈራራበት ይችላል፤ እኛም በተቃራኒው እንዲሁ። ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገድ አለ። ቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ በወጣትነቱ እምነቱን ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 እና በ1884 በሞሮኮ ሲዘዋወር የሙስሊሞቹን ጸሎት አይቶ እግዚአብሔርን እንደገና መፈለግ ጀመረ፤ በ1886 በፓሪስ ተናዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። የመጨረሻ ዓመታቱን በሙስሊሞች መካከል በሰሃራ ኖሮ በ1916 እዚያው ተገደለ፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2022 ቅድስናውን አወጁ።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን እንመለስ። ቁርኣንን የሚያነብ ክርስቲያን ቅርበትንና ርቀትን በአንድ ገጽ ላይ ያገኛል። በአራተኛው ምዕራፍ በቁጥር 171 ላይ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ቃል ተብሎ ይጠራል፤ በዚያው ቁጥር ግን «ሦስት» ማለት ይከለከላል። በዚሁ ምዕራፍ በቁጥር 157 መሰቀሉ ይካዳል። የስቅለት ዓርብ እየሰገደ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልዩነቱን ሸፍኖ «ሁሉም አንድ ነው» ማለትም ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ክብር አይሆንም። ወንድማችን የተደናቀፈው እዚህ ላይ ነበር።

ቀስ ብለን ስንጠይቀው ግን ሦስት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እስልምና ብዙ ሲያነብ፣ ስለ ወልድ መለኮትነት ከልጅነት ትምህርቱ በቀር አንድ ገጽ አልጨመረም። በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ለምን እንደተሰበሰበ ከስሙ በቀር አያውቅም ነበር። አዋቂ ጥያቄ ይዞ የሕፃን መልስ ነበረው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊት ሌሊት በስልኩ የሚመለከተው የሁለቱን ወገን ስድብ የተሞላ ክርክር ነበር። ጸሎቱ የደረቀው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ራሱ ሲናገር ተገነዘበ። ሦስተኛውን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን፦ ጥናቱን የጀመረው ለአጎቱ ሲል ሆኖ ሳለ፣ አጎቱን አንድ ቀን እንኳ ስለ እምነታቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

ቅዱስ ዮሐንስ ሄንሪ ኒውማን አስቸጋሪ ጥያቄና ጥርጣሬ አንድ እንዳልሆኑ አስተምሯል፤ ጥያቄ ቢበዛ ብቻውን እምነትን አያፈርስም። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ደግሞ ነፍስ በድርቀትና በጨለማ ውስጥ ሳለች ቀድሞ በሰላም የተወሰነውን መለወጥ እንደማይገባ ይመክራል። ይህ ምክር በሁለት በኩል ይሠራል። ወንድማችን በዚያ ድርቀት ውስጥ ሆኖ ጥናቱን በድንጋጤ መተው አልነበረበትም፤ መምህርነቱንም በራሱ ፈቃድ መልቀቅ አልነበረበትም። የሚገባው ልቡን ለመንፈሳዊ አባቱ መግለጥ ነበር። ለሁለት ዓመት ይህን ጥናት ለቆሞሱ ሳይነግር መቆየቱን እንደ ትልቅ ስሕተት እንቆጥረዋለን፤ ብቻውን የሚያጠና ሰው ሲደናቀፍም ብቻውን ነውና።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ጥናቱን ማቆም የሚገባው ሰው መኖሩን አንክድም። ለድል ብቻ የሚያጠና፣ ያነበበውን ሁሉ ጎረቤቱን ለማሳፈር የሚያከማች ሰው ዛሬውኑ ቢያቆም ይሻለዋል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን በገርነትና በአክብሮት እንድንመልስ ያዘዘውን እንዲህ ያለው ሰው ገና አልተማረም። ጸሎቱንና ቅዱስ ቁርባኑን ለንባቡ ሲል የተወም እንዲሁ። ወንድማችን ግን ከነዚህ ወገን አይደለም።

የቁምስናችን ቆሞስ ጉዳዩን ሰምተው የወሰኑት እንዲህ ነው። ክርክሮቹን ፈጽሞ ይተው፤ ቁርኣኑን ለዐቢይ ጾም ያህል ያስቀምጥና በምትኩ የዮሐንስን ወንጌልና ስለ ኒቅያ የተጻፈውን ከእርሳቸው ጋር ያንብብ፤ ከፋሲካ በኋላ ጥናቱን ይቀጥል፣ በየወሩ ግን ያነበበውን ይንገራቸው። በሕፃናቱ ጉዳይ ከመካከላችን የተለያየ አሳብ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ለጥቂት ወራት ቢያርፍ መረጥን። ቆሞሱ ግን በጸሎተ ሃይማኖት ላይ የሚጨነቅ መምህር ቃሉን በግዴለሽነት ከሚያስደግም መምህር እንደሚሻል ነግረውን ማስተማሩን እንዲቀጥል አደረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ወንድማችን ደሴ ወርዶ አጎቱን ጠየቀ። አጎቱም እንደ ሀገሩ ልማድ እንግዳቸው እንዲበላ በጉን በክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው ጠበቁት። «መጽሐፋችንን ታነባለህ አሉ፤ ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉት። በዚያች ማታ የመርየምን ምዕራፍ አብረው አነበቡ። ጸሎተ ሃይማኖትን ሲያደርስ ልቡ አሁንም አንዳንዴ እንደሚቆም፣ ነገር ግን አሁን ቆም ብሎ የሚጸልይበት ሥፍራ እንደሆነለት አልሸሸገንም። አጎቱ በተራቸው የሉቃስን የመጀመሪያ ምዕራፍ እንዲያነብላቸው ጠይቀውት ነበር፤ ካነበበላቸውም በኋላ የዘካርያስ ሚስት ስሟ በቁርኣን እንደማይገኝ ነግረውት፣ ኤልሳቤጥ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገሙት።