ከካርቶን እስከ ገበታ፦ የምግብ ገላጭ ጽሑፍን እንዴት እናንብብ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አንዲት የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ታዳጊ ከለንደን ወደ ፈረንሳይ ከመብረሯ በፊት በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የታሸገ ሳንድዊች ገዛች። ሰሊጥ ፈጽሞ አይስማማትም ነበር። በማሸጊያው ላይ ስለ ሰሊጥ የተጻፈ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሰሊጡ ግን ከዳቦው ሊጥ ጋር አብሮ ተቦክቶ ነበር። ታዳጊዋ በአውሮፕላኑ ውስጥ ታመመች፤ በዚያው ዕለትም ሕይወቷ አለፈ። በወቅቱ የነበረው ሕግ በሚሸጥበት ቤት ተዘጋጅቶ እዚያው ለታሸገ ምግብ የይዘት ዝርዝር በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አያስገድድም ነበር። በስሟ «የናታሻ ሕግ» ተብሎ የሚጠራው ደንብ ይህን ክፍተት የደፈነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ነው።

የፊዚክስ መምህራን ስለ ምግብ ምን አገባችሁ የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ገላጭ ጽሑፍ የልኬት ውጤት ነው። ማንኛውም ልኬት ደግሞ ምን እንደተለካ፣ እስከ ምን ወሰን እንደተለካና ውጤቱ ለማን እንደደረሰ ካልታወቀ ትርጉም አይኖረውም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እናነሣለን።

አለርጂ ምንድን ነው?

የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ጉዳት የሌለውን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ፕሮቲኑ ዳግመኛ ሲገባ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በድንገት ይለቀቃሉ። ከዚህም የቆዳ ማሳከክና ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውደቅ ሊከተሉ ይችላሉ። ይህ ዓይነቱ ብርቱ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል አድሬናሊን በመርፌ ወዲያውኑ መሰጠትና ሕመምተኛው በአፋጣኝ ወደ ሐኪም መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰው ብዙውን ጊዜ ላክቶስ የተባለውን ስኳር መፍጨት ያቃተው ነው። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን የሚጎዳው ከፕሮቲኑ ነው። ስለዚህ «ላክቶስ የሌለው ወተት» ለመጀመሪያው ሰው ይስማማል፤ ፕሮቲኑ እንዳለ በመሆኑ ለሁለተኛው አደገኛ ነው።

ምን ተለካ?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ደንብ 14 አለርጂ ቀስቃሾች ተለይተው እንዲገለጹ ያዛል። እነዚህም ግሉተን ያለባቸው እህሎች፣ ሽሪምፕና ሸርጣን፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ወተት፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ሰለሪ፣ ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ግብጦ እንዲሁም እንደ ቀንድ አውጣና ካላማሪ ያሉት ናቸው። በጎጃም የሚበቅለው ግብጦ በዚህ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱን ልብ ይሏል። የዩናይትድ ስቴትስ ዝርዝር ግን 9 ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ የተጨመረውም እ.ኤ.አ. በ2023 መግቢያ ነው። ግብጦና ሰናፍጭ በዚያ የሉም። ስንዴ ቢኖርም ገብስ የለም። ስለሆነም የአንዱን አገር ማሸጊያ በሌላው አገር ዝርዝር መሠረት ማንበብ ያሳስታል።

«ቬጋን»፣ «ሐላል» እና «የጾም» የሚሉት ቃላትም ሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ። የሚናገሩት ስለ አመጋገብ ሥርዓት ነው፤ ስለ አለርጂ ደኅንነት ዋስትና አይሰጡም። የጾም ገበታችንን እንመልከት። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሉበትም። ሰናፍጩ፣ በሰሊጥ የተሠራው ወጥና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ ግን በጾም ቀን ይበልጥ ወደ ገበታ ይቀርባሉ።

እስከ ምን ወሰን?

«የለበትም» ሲባል ዜሮ ማለት ነውን? በልኬት ዓለም ፍጹም ዜሮ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ቃል በአውሮፓም ሆነ በዩናይትድ ስቴትስ የራሱ ወሰን አለው፤ ግሉተኑ በ1 ኪሎ ግራም ምግብ ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ይህም ከ50,000 እጅ አንዱ ነው። ወሰኑ በተለይ የሚያገለግለው በግሉተን ምክንያት ትንሹ አንጀታቸው ለሚጎዳ የሴሊያክ ሕመምተኞች ነው።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እናስላ። ከስንዴ ዱቄት 10 በመቶ ያህሉ ግሉተን ነው እንበል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 300 ሚሊ ግራም ግሉተን ይይዛል። 300 ለ20 ሲካፈል 15 ይሆናል። እንግዲህ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 15 ኪሎ ግራም የጤፍ ሊጥን ከወሰኑ ጫፍ ያደርሳል ማለት ነው።

ጤፍ በተፈጥሮው ለሴሊያክ ሕመምተኛ ጎጂ የሆነው ግሉተን የለበትም። በውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግን ጤፉን ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው። ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ቢቦካ እንኳ እርሾው የትናንቱን ሊጥ ታሪክ ይዞ ይመጣል። ቡሆቃውና ምጣዱም እንዲሁ።

«ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአብዛኛው በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው። በመሆኑም አለመጻፉ ብቻውን ንክኪ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ለማን ደረሰ?

የወጥ ቤት ዋነኛ ችግር ይህ ነው። ገላጭ ጽሑፉ የሚገኘው በካርቶኑ ወይም በከረጢቱ ላይ ነው። ምግቡ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ካርቶኑ ይጣላል፤ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። ተመጋቢው በሳህኑ ላይ ምንም የሚያነበው ነገር የለውም፤ ያለው የአስተናጋጁ ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕቃው ሲገለበጥ ጽሑፉም መገልበጥ አለበት። አቅራቢው አንድን ምርት በሌላ ሲተካ አዲሱ ማሸጊያ እንደገና ይነበብ። ማማሰያውና መክተፊያው ይለዩ። ኦቾሎኒ የተጠበሰበት ዘይት ለሌላ ምግብ አይዋል። «እሳት ሁሉን ያጠራል» የሚል አይጥፋ፤ ሙቀት ጀርምን ይገድላል፤ የኦቾሎኒ ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ግን በወጥ ቤት ሙቀት አይጠፉም። እጅንም አልኮል መቀባት አይበቃም፤ በውኃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ አስተናጋጁ እርግጠኛ ካልሆነ «የለበትም» ከማለት ይልቅ «ቆይ ልጠይቅ» ቢል ሕይወት ያድናል።

መልመጃ

በ30 ኪሎ ግራም የጤፍ ሊጥ ላይ 9 ግራም የስንዴ ዱቄት ቢወድቅና በደንብ ቢቀላቀል፣ እንጀራው «ከግሉተን ነጻ» ሊባል ይችላልን? መልሱ አይችልም ነው፤ በአንድ ኪሎ ግራም ሊጥ 30 ሚሊ ግራም ግሉተን ይደርሳልና። ሊጡን ያየ፣ የቀመሰና ያሸተተ ሰው ግን አንዳች ልዩነት አያገኝም።

በዓይን የማይታየውን ነገር ለተመጋቢው የሚናገርለት ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከካርቶኑ አንሥቶ ገበታው ድረስ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ የአምራቹ፣ የወጥ ቤቱና የአስተናጋጁ የጋራ ኃላፊነት ነው። ውድ ተማሪዎች፣ የምትመገቡበት አዳራሽ ወጥ ቤት ይህን ሰንሰለት እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?