ትጥቅ ከተፈታ በኋላ፦ የመቋቋሚያ ርዳታን በምን እንመዝነው?

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



በአሰላ ከተማም ሆነ በአርሲ ደጋ ወረዳዎች ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የማይኖርበት ቀበሌ ጥቂት ነው። አንዱ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ሌላው ጋሪ ይነዳል፤ ሌላው ደግሞ የተሰጠውን ገንዘብ ጨርሶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ልዩ ልዩ መንግሥታት ለእነዚህ ሰዎች የመቋቋሚያ ርዳታ ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። ነገሩ ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን «ስንት ብር ተሰጣቸው?» ከማለት አናልፍም። ርዳታ መመዘን ያለበት ገንዘቡ በታደለበት ቀን ሳይሆን፣ ሰውየው ከሁለት መኸር በኋላ በሚገኝበት ሁኔታ ነው። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ይህንኑ ነው።

1. ካለፈው ምን እንማራለን?

ወታደርን በመሬት መካስ ለአርሲ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱና ለወታደሮች መሬት በጋሻ ይሰጥ ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በአርሲም ብዙ መሬት በዚህ መንገድ ታደለ። ይሁን እንጂ ከመሬቱ ብዙው አራሽ ነበረው፤ ያ አራሽ ጭሰኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲመጣ እርሻው አትራፊ ሆነ፤ ባለመሬቶችም በትራክተር ለማረስ ሲሉ ብዙ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ይህ ሁኔታ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቆየ። እንግዲህ ለአንዱ ካሣ የሆነው ለሌላው መፈናቀል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ 455 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ተበተኑ። እነርሱን ለመርዳት የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወደ ገጠር የተመለሱት የእርሻ መሬት፣ የምግብ እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ አንዳንዶቹም በሬ እንዲያገኙ ተደረገ። ለከተማዎቹ ደግሞ የሙያ ሥልጠና፣ ሥራ ማፈላለግና ለንግድ መነሻ የሚሆን ብድር ታሰበ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች የገጠሩ ከከተማው ይልቅ የተሳካ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው መሬት፣ ዘመድና ዕድር ነበረው። የከተማው ሰው ግን ሥራ በጠፋበት ገበያ ውስጥ ብቻውን ገባ።

ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር፣ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችን የማቋቋም ሥራ ተሠርቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ኦሮሚያን ጨምሮ በሰባት ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዕቅድ አወጣ። ስለዚህ ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ ሳይሆን በደጃችን ያለ ነው።

2. አራት መለኪያዎች

ሀ. መነሻውና ቀለቡ አብረው መጥተዋልን? ዘዳግም ምዕራፍ 15 ከቁጥር 13 ጀምሮ፣ አርነት የወጣ ባሪያ ከመንጋውም ከአውድማውም ተሰጥቶት እንጂ ባዶ እጁን እንዳይሰናበት ያዝዛል። ይኸውም የሚበላውንና የሚሠራበትን አንድ ላይ መስጠት ነው። ይህን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ተመላሽ 50,000 ብር ተቀበለ እንበል። በ27,000 ብር ሦስት በግ፣ በ5,000 ብር ፍሩሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ 18,000 ብር ይቀረዋል። ቤተሰቡ በወር 9,000 ብር የሚፈልግ ከሆነ ቀሪው ለሁለት ወር ይበቃል። በጎቹ ግን ለገበያ የሚደርሱት በሦስት ወር ነው። በሦስተኛው ወር ቤቱ ስለሚራብ በጎቹ ሳይሰቡ ይሸጣሉ። ሰዎች «ገንዘቡን በላው» ይሉታል፤ ጥፋቱ ግን ከዕቅዱ ነው። በ1983ቱ መርሐ ግብር እህልና ዘር አብረው መሰጠታቸው ትክክል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ሥራው ከአገሩ ገበያ ጋር ይስማማልን? በአንድ ወረዳ ሠላሳ ሰው እንጨት ሥራ ብቻ ቢሠለጥን እርስ በርሱ ይጣላል እንጂ አይጠቀምም። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው ከኅዳር ወዲያ ምርቱ ሲሰበሰብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሱቁም ጋሪውም ይቀዘቅዛል። በየወሩ እኩል ክፍያ የሚጠይቅ ብድር ባለ ሱቁን በክረምት ይጥለዋል፤ ከመኸር በኋላ ከፍ፣ በክረምት ዝቅ የሚል ክፍያ ግን ያቆመዋል። በተጨማሪም ብዙ ወታደር መካኒክነት፣ ብየዳ ወይም መንዳት ተምሮ ይመለሳል። የመውቂያ መኪናና የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው በሚፈለግበት አገር ይህን ሙያ ሳይጠይቁ አዲስ ሥልጠና መስጠት ብክነት ነው።

ሐ. ሕጉ የሰጠውን የብድር መስኮቱ አልከለከለምን? በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ለቤት፣ ለእርሻና ለንግድ ብድር የመንግሥት ዋስትና ይሰጥ ነበር። ገንዘቡን የሚያበድሩት ግን የየአካባቢው ባንኮች ስለነበሩ፣ ብዙ ጥቁር ወታደሮች ከባንኩ በር ተመለሱ። በእኛም አገር ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የተስፋፉት የብድርና ቁጠባ ተቋማት ያለ ንብረት መያዣ፣ በቡድን ዋስትና ማበደርን አስለምደዋል። በክልላችን የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ማኅበር ይህን ሲሠራ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ስንቄ ባንክ ሆኗል። አሠራሩ ለድሃው መልካም ነው። ነገር ግን የቡድን ዋስትና የሚቆመው በጎረቤት እምነት ላይ ነው። አሥር ዓመት ከሰፈሩ የራቀን ሰው ማን ያውቀዋል? ማንስ ይዋሰዋል? ተመላሹ ከሌላው ድሃ ይልቅ የሚቸገርበት ቦታ ይህ ነው።

መ. የቀረው ማን ነው? የጎዳው ማን ነው? ዝርዝሩን ስንመረምር አካል ጉዳተኛውን፣ ተዋጊ የነበረችውን ሴትና የሟች ሚስትን እንፈልግ። ጎረቤቱንም እንጠይቅ። ለተመላሹ የተሰጠው የገበያ ቦታ ትናንት ድንች ስትሸጥበት ከነበረች እናት ተወስዶ ከሆነ፣ የጋሻውን ታሪክ በትንሹ ደገምነው ማለት ነው።

3. የጉባኤው ድርሻ

ጉባኤ የብድር ቢሮ አይደለም፤ መሆንም አይገባውም። ቢሮ የማይሰጠው ነገር ግን በእጁ አለ፤ እርሱም መታወቅ ነው። ተመላሹን ወደ ዕድርና ዕቁብ የሚያስገባ፣ «እናውቀዋለን» ብሎ በዋስነት የሚቆም፣ ከሱቁ የሚገዛ፣ ገቢና ወጪ መጻፍ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዋስ የምንሆነው ግን ሥራውን አይተን እንጂ አዝነን ብቻ አይሁን፤ በኀዘኔታ የተገባ ዋስትና ቡድኑን ሁሉ ዕዳ ውስጥ ይከታል።

የፕሮጀክት ሠራተኞችም ሪፖርት ስንጽፍ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ብር ታደለ» ብለን አናቁም። በስድስተኛው ወር፣ በመጀመሪያው ዓመትና በሁለተኛው ዓመት ሄደን ሦስት ነገር እንመዝግብ፦ ሥራው አለን? ቤተሰቡ ከእርሱ ይበላልን? ብድሩ የሚከፈለው ከትርፍ ነው ወይስ ከሌላ ብድር? በሦስተኛው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ከሁሉ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን ከሠራዊት ከተመለሱት መካከል ሥራቸው ሁለት ዓመት የዘለቀላቸው እነማን ናቸው? የዘለቀላቸው በምን ምክንያት ነው?
2. በአካባቢያችን ገበያ የሚፈለግ፣ ግን ሠሪ ያጣ ሥራ የትኛው ነው?
3. ተመላሽ ሰው ወደ ዕድራችን ለመግባት የሚያግደው ነገር ምንድን ነው? የመግቢያውን ክፍያ በየወሩ እንዲከፍል ማድረግ እንችላለንን?
4. በሚቀጥለው ወር የምንጎበኘው አንድ ተመላሽ ማን ይሁን? ማንስ ይሄዳል?