ሰፈርና የቤት ዋጋ

ስፋታቸው እኩል፣ ንድፋቸው አንድ የሆነ ሁለት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዲስ አበባ ይገኛሉ እንበል፤ አንደኛው በገርጂ፣ ሁለተኛው ከከተማው ዳር በቱሉ ዲምቱ። የገርጂው በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱን ያመጣው ሰፈሩ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ፣ ባለቤት የሚሸጠው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ይሁን እንጂ የቤቱ ዋጋ የአካባቢውን ጥቅም ሁሉ አዝሎ ይሄዳል፤ የሥራ ቦታን ቅርበት፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ከሁሉም ይልቅ ውኃውን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ይረክሳል፤ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነውና። በዚያው ሕንፃ ከምድር ያለው ግን ለሱቅ ስለሚያገለግል ይወደዳል።

መጓጓዣም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በጣቢያው አጠገብ ለሚኖረው መንገድ አሳጠረለት፤ የሐዲዱ አጥር ግን ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ በእግሩ ይሻገር የነበረውን ሰው ዙሪያ ጥምጥም አስኬደው።

አስፋልት ሲዘረጋ፣ የፍሳሽ ቦይ ሲከደን ባለቤቱ ይደሰታል፤ ቤቱ ዋጋ አወጣለት። በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየው ቤተሰብስ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን ይገድባል። ባለቤቱ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ግን ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ይወጣል፤ ልጆቹም የለመዱትን ትምህርት ቤት ይለቃሉ።