የሐሙስ ሂና፣ የዓርብ ወጥ፦ ሰንበትን በጤና ለመቀበል



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሁለት የቤት ሥራዎች ነው። አንዱ ፀጉርን በሂና መቀባት፣ ሌላው የሰንበትን ምግብ ማሰናዳት። ሁለቱም ለእናንተ እንግዳ አይደሉም። በአገር ቤት እጅና እግርን በእንሶስላ ማስዋብ የታወቀ ነው። ዓርብ ዓርብ ወንዝ ወርዶ ገላን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ሰንበትን መቀበልም የወላጆቻችን ልማድ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? እንሶስላውን ሥሩን ቆፍረን እናወጣው ስለነበር ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ሂናውን ግን እዚህ ከሹክ ወይም ከቅመም ቤት ታሽጎ እንገዛዋለን። ላዩ ላይ «ሂና» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ደግሞ ሂና አይደለም። ስለዚህ ከመቀባታችን በፊት የምንቀባውን እንወቅ።

1. እውነተኛው ሂና የቱ ነው?

ሂና የዛፍ ቅጠል ነው። ደርቆ ይፈጫል። ዱቄቱ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡኒ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሽታው የደረቀ ሣር ይመስላል። የሚሰጠው ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀይ። ሽበት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ብርቱካን ይመስላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጠቆር ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መስታወት አይታችሁ አትደንግጡ። ጥቁር ፀጉር ላይ ግን ፀሐይ ሲመታው የሚታይ ቅላት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ታዲያ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ተክል የለም። ጥቁር ቀለም ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ኢንዲጎ የሚባል ሌላ ቅጠል ነው፤ ከሂና በኋላ ሲቀባ ፀጉርን ያጠቁራል። ሁለተኛው ፒ.ፒ.ዲ. የሚባል ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል በብዙ የፋብሪካ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ በተወሰነ መጠን ይገባል። አንዳንድ ነጋዴዎች ግን መጠኑ ሳይታወቅ ከሂና ጋር ይቀላቅሉታል። በአንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክ፣ የፊትና የዓይን ቆብ እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያመጣል። አንድ ጊዜ ሰውነት ከጠላው ደግሞ ጥላቻው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ተራ የሱቅ ቀለም እንኳ ሊጎዳችሁ ይችላል።

ስትገዙ እነዚህን ተመልከቱ፦

- በእሽጉ ጀርባ «ረኺቪም» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ቀጥሎ ያለውን አስነብቡ። የልጅ ልጅ ወይም የፋርማሲ ሠራተኛ ያነብላችኋል። የሂና ቅጠል ብቻ ከሆነ መልካም።
- ዝርዝር የሌለው፣ በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ጥቁር ዱቄት አትግዙ።
- «በግማሽ ሰዓት ያጠቁራል» ከተባላችሁ፣ ያ የቅጠል ሥራ አይደለም። ቅጠል ጊዜ ይፈልጋል።

2. ሂና የማይስማማው ማን ነው?

ንጹሕ ሂናም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። ከትውልድ ጀምሮ አንድ የደም ንጥረ ነገር የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፤ ሐኪሞች ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ ይሉታል። ባቄላ እንዳይበሉና አንዳንድ መድኃኒቶችን እንዳይወስዱ የሚነገራቸው እነዚህ ናቸው። ሂና የእነዚህን ሰዎች የደም ሴሎች ሊሰብር ይችላል። ምልክቱ ድካም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህ ችግር መነሻቸው ከኢራቅና ከኩርዲስታን በሆነ አይሁዶች ዘንድ በርከት ይላል። ዛሬ ልጆቻችን ከየማኅበረሰቡ ይጋባሉና ለልጅ ልጆች ሂና ከመቀባታችሁ በፊት ወላጆቻቸውን ጠይቁ። ሕፃናትንማ ጨርሶ አትቀቡ።

ራሳችሁ ከዚህ በፊት በማንኛውም የፀጉር ቀለም ተጎድታችሁ ከሆነ፣ ወይም የራስ ቅላችሁ ቆዳ ቁስል ካለው፣ መጀመሪያ በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አማክሩ።

3. የሳምንቱ አካሄድ

በአይሁድ ሕግ በሰንበት ከተከለከሉት 39 የሥራ ዓይነቶች ማቅለምና ማብሰል ይገኙበታል። ስለዚህ የምንዝናናው ሥራውን ቀድመን ከጨረስን ነው። ሥራውን ለቀናቱ ብናከፋፍለው ዓርብ ከሰዓት አንሯሯጥም።

*ማክሰኞ።* የእንጀራውን ሊጥ አቡኩ። በዚሁ ቀን ጥቂት ሂና በውኃ በጥብጣችሁ ክርናችሁ ውስጥ የአንድ ሰቅል ሳንቲም ያህል ቀቡና ታጠቡት። 48 ሰዓት ጠብቁ። ቆዳው ቢቀላ ችግር የለም፣ ቀለሙ ነው። ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ከቆሰለ ግን ሂናውን ተዉት።

*ሐሙስ ጠዋት።* ለአጭር ፀጉር 100 ግራም፣ ትከሻ ለሚደርስ 200 ግራም ያህል ዱቄት በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን አድርጉ። ለብ ያለ ውኃ ወይም ሻይ ጨምሩና እንደ እርጎ እስኪሆን አማስሉት። ከድነው ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡት፤ ቀለሙ የሚወጣው ያኔ ነው። የቡና ውኃ የሚጨምሩም አሉ፤ ትንሽ ያጠቁረዋል እንጂ ጥቁር አያደርገውም። ሎሚ ካበዛችሁ ፀጉር ያደርቃል።

*ሐሙስ ከሰዓት።* ፀጉራችሁን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብታችሁ ከሆነ በሳሙና ታጠቡ፤ በቅባት ላይ ሂና አይዝም። ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቡ። ጓንት አድርጋችሁ፣ ፀጉሩን እየከፈላችሁ ከሥሩ ጀምሩ። ከኋላ በኩል ልጅ፣ ጎረቤት ወይም መታፔሌት ትርዳችሁ። በፌስታል ሸፍናችሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ።

በእነዚህ ሰዓታት ቁጭ ብላችሁ የሚሠራውን ሥሩ። ሽንኩርት ላጡ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አዘጋጁ። ምድጃ ፊት ግን ራስን በፌስታል ጠቅልሎ መቆም አያስፈልግም። እሳትና ፕላስቲክ አይስማሙም።

ስትታጠቡ ተጠንቀቁ። ሂና ሲረጥብ እንደ ጭቃ ያንሸራትታል። የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታጠቡ፣ በሩን ከውስጥ አትቆልፉ። በዚህ ሥራ ከቀለሙ ይልቅ መውደቅ ሊጎዳችሁ ይችላል።

4. የዓርብ ወጥ

ለአንድ ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ውኃው እስኪመጥና እስኪበስል ድረስ አማስሉት፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ግማሽ ስኒ ዘይት፣ 4 ወይም 5 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀሉ ቅቤ አንጨምርም። ጣዕሙ የሚመጣው ከሽንኩርቱ መቁላላት ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ዶሮውን በሎሚና በጨው ስታጥቡ በጎድጓዳ ዕቃ ይሁን እንጂ በሚፈስ ቧንቧ ሥር አይሁን፤ የሚረጨው ውኃ ጀርሙን በየሳህኑ ይበትነዋል። ሎሚ ሽታን እንጂ ጀርምን አያጠፋም። ጀርምን የሚያጠፋው በደንብ መብሰል ነው። ብልቱ ከገባ በኋላ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አብስሉት፣ አጥንቱ አጠገብ ደም እንዳይቀር እዩ። የተቀቀለው እንቁላል መጨረሻ ላይ ይገባል።

የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። ብዙ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እንጀራውን ቀንሱና ጎመን ወይም ሰላጣ ጨምሩበት።

በአገር ቤት ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ይጠፋና ምግቡ ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። እዚህ ብዙዎቻችን ፕላታ አለን። ወጡ ሰንበት ሳይገባ በደንብ ሞቆ ፕላታው ላይ ይቀመጥ። ፕላታው በሰዓት መቆጣጠሪያ ከጠፋ በኋላ ግን ወጡ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፣ ወደ ፍሪጅ ይግባ። በ3 ቀን ውስጥም ይበላ።

5. ችግር ከገጠመ

ሂና ከተቀባችሁ በኋላ ቢያሳክክ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ሽንት ከጠቆረ አትጠብቁ። ወደ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ። ሰንበት ነው ብላችሁም አትዘግዩ፤ ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራል። የተቀባችሁበትን እሽግ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ያነበዋል።

ለውይይት

በዕለት ማእከል ወይም በቡና ሰዓት እነዚህን ተነጋገሩባቸው፦

1. ቤታችን ያለው የሂና እሽግ ላይ ምን ተጽፏል? ያነበበልን ማን ነው?
2. በቤተሰባችን ባቄላ የተከለከለ ሰው አለ?
3. መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የምንይዘው መያዣ አለ? ከሌለ የአካባቢያችሁን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጠይቁ።

መቀባት የማትፈልጉም ሽበታችሁ ክብራችሁ ነው። ኦሪትም በሽበታም ፊት ተነሡ ብላ ታዝዛለች። የምትቀቡ ደግሞ የምታውቁትን ቅጠል፣ በቀኑ፣ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ተቀቡ።

ሰንበት ሰላም።