ለሌሎች የምናጋራውን ሞጁል ምን ብለን እንሰይመው?

 

የዛሬው ትምህርታችን ሲታይ ትንሽ፣ ሲደርስ ግን ሌሊት የሚያሳጣ ጉዳይ ነው፤ የሞጁል ስም አወጣጥ። ሞጁል ስንል አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ፣ ሌላ ሰው ከራሱ ፕሮግራም ጋር አያይዞ ሊጠቀምበት የሚችል የኮድ ክፍል ማለታችን ነው። ኦፕን ሶርስ ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው በፈቃዱ ደንብ መሠረት ያነበዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል።

በእኛ በደረሰው ልጀምር። ባለፈው ሴሚስተር አራት ሆነን የአፈር እርጥበት የሚለካ ፕሮጀክት እንሠራ ነበር። አርዱዊኖው መረጃውን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፕ ይልካል፤ በፓይተን የጻፍነው ፕሮግራም ተቀብሎ ይመዘግባል። ጠዋት ልናቀርብ ማታውን ፕሮግራሙ በእኔም በጓደኛዬም ላፕቶፕ አልሠራም አለ። በሁለቱም ላይ የሚወጣው መልእክት አንድ ነው፤ ሲሪያል በተባለው ሞጁል ውስጥ የጠራችሁት ነገር የለም ይላል። ገመድ ቀየርን፣ ሰሌዳ ቀየርን፣ ፓይተንን አጥፍተን እንደገና ጫንን። የፈጅር አዛን ሲሰማ ገና እዚያው ነበርን።

ለካ መልእክቱ አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ሁለት ነው። ጓደኛዬ «ፒፕ ኢንስቶል ሲሪያል» ብሎ ጭኗል። እኛ የምንፈልገው ፓኬጅ ግን በፓይተን ማከማቻ ላይ የተመዘገበው ፓይሲሪያል በሚል ስም ነው። ሲጫን ፓይሲሪያል፣ በኮድ ውስጥ ሲጠራ ሲሪያል ይባላል ማለት ነው። ሲሪያል ተብሎ የተመዘገበው ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ የሠራው ፓኬጅ ነው። የእኔ ጥፋት ደግሞ የራሴን ፋይል «ሲሪያል» ብዬ መሰየሜ ነበር። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ ከሌሎች ቦታዎች በፊት የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ነው። ስለዚህ የተጫነውን ትቶ የእኔን ፋይል ከፈተ። እኔ የፋይሌን ስም ቀየርኩ፣ ጓደኛዬ የተሳሳተውን አጥፍቶ ትክክለኛውን ጫነ፤ አልሐምዱሊላህ ሠራ። ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልነካንም።

ከዚያ ሌሊት የተማርነውን በአራት ነጥብ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ስሙ ሥራውን ይናገር። «ፕሮጀክት_ፋይናል_2» ለእኛ ዶርም ይበቃ ይሆናል፤ ለማያውቀን ሰው ግን ምንም አይነግረውም። «ዩቲል»፣ «ሄልፐር»፣ «ኮመን» የሚሉ ስሞችም እንደዚያው ናቸው። ሁሉን ይይዛሉ፣ ምን እንደያዙ ግን አይናገሩም። የጎ ቋንቋ ባለቤቶች እንዲህ ያሉ ስሞችን እንድንተው በግልጽ ይመክራሉ። ሞጁላችን የአፈር እርጥበት የሚያነብ ከሆነ «ሶይል_ሪደር» ማለት ይሻላል። ስም ለማግኘት ከተቸገራችሁ ሞጁሉ ብዙ ሥራ ተሸክሞ ይሆናልና ለሁለት መክፈሉን አስቡበት።

ሁለተኛ፣ የቋንቋውን ልማድ ጠብቁ። ፔፕ 8 የሚባለው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሞጁል ስም አጭርና በላቲን ትንንሽ ፊደላት ብቻ የተጻፈ እንዲሆን ይመክራል፤ ለማንበብ የሚረዳ ከሆነ የግርጌ ሰረዝ ይፈቅዳል። የጃቫስክሪፕቱ ማከማቻ ኤንፒኤም ለአዲስ ፓኬጅ ትልቅ ፊደል ጭራሽ አይቀበልም። በረስት ቋንቋ ደግሞ «ረስት» የሚለውን ቃል በስሙ ላይ መቀጠል አይመከርም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ረስት ነውና። ልማዱን የጠበቀ ስም ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ገምቶ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ከመሰየማችሁ በፊት ፈልጉ። መድረሳ ስንቀራ በአንድ ሐልቃ ሦስት ሙሐመድ ነበርን። ኡስታዛችን አንዱን በአባቱ፣ አንዱን በሰፈሩ ስም ይጠሩት ነበር። ዩኒቨርሲቲም የአያት ስም የሚጠይቀን ለዚሁ ነው። በፕሮግራም ዓለምም መፍትሔው ይኸው ነው። ጃቫ የድርጅቱን የኢንተርኔት አድራሻ ገልብጦ ከስሙ ፊት ያስቀምጣል። ጎ የኮዱን አድራሻ ራሱን ስም ያደርጋል። ሲፓን የሚባለው የፐርል ማከማቻ ደግሞ የኔትወርክ ሥራ የሚሠሩትን «ኔት» በሚል የቤተሰብ ስም ሥር ይሰበስባል። ኤንፒኤምም የባለቤቱን ስም አስቀድሞ የሞጁሉን ስም ማስከተል ይፈቅዳል።

የፓይተን ማከማቻ ግን በአብዛኛው ቀድሞ የመጣ ስሙን ይወስዳል። ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ሰረዝ፣ የግርጌ ሰረዝና ነጥብም ለእሱ አንድ ናቸው። «ሶይል-ሪደር» ከተያዘ «ሶይል_ሪደር» ብሎ መመዝገብ አይቻልም።

መመሳሰል ሲበዛ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤንፒኤም ላይ «ክሮስ-ኢንቭ» የሚባለውን ታዋቂ ፓኬጅ አስመስሎ፣ ሰረዟን ብቻ አስቀርቶ፣ «ክሮስኢንቭ» የሚል ፓኬጅ ያስገባ ሰው ነበር። በስህተት የጫኑትን ሰዎች የኮምፒውተር ሚስጥራዊ መረጃ ይሰርቅ ነበር። ዛሬም የአርቴፊሻል ኢንተሊጀንስ መሣሪያዎች አንዳንድ ጊዜ የሌለ የፓኬጅ ስም ይሰጡናል፤ ክፉ ሰው ያንን ስም ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከመጫናችን በፊት ፊደሉን አንድ በአንድ እንይ፤ የሞጁሉን ገጽ ከፍተን ማን እንደሠራው እንመልከት።

አራተኛ፣ ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ስሙ አማና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ኪክ የሚባል የመልእክት መለዋወጫ ኩባንያ፣ አንድ ፕሮግራመር ኤንፒኤም ላይ በያዘው «ኪክ» በሚል ስም የተነሳ ጥያቄ አቀረበ። ፕሮግራመሩ አልለቅም አለ፤ የማከማቻው ኃላፊዎች ግን ስሙን ለኩባንያው ሰጡ። እሱም ተቆጥቶ ከ250 በላይ ሞጁሎቹን በአንድ ጊዜ አነሳ። ከእነዚህ አንዱ «ሌፍት-ፓድ» የሚባል የ11 መስመር ኮድ ነበር። ይህችን ትንሽ ሞጁል በቀጥታም ሆነ በሌላ ሞጁል በኩል የሚጠቀሙ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ድንገት መገንባት አቃታቸው። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መልሶ አስቀመጣት፤ ከዚያም የተለቀቀን ሞጁል የማንሳት ደንቡን አጠበቀ።

በዚህ ጉዳይ ማን ልክ ነበር የሚለውን ለእናንተ ልተወው። የተጎዱት ግን በክርክሩ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አናውቅም፣ እነሱም እኛን አያውቁንም፤ የሚያገናኘን ያቺ ስም ብቻ ናት። ስም መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን ለጊዜው አቆዩት፣ ወደ አዲሱ የሚመራ ማስታወቂያ ጻፉበት፣ ሰዉ እስኪሸጋገር ጊዜ ስጡት።

«እኔ ገና ፍሬሽ ነኝ፣ የእኔን ኮድ ማን ያየዋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ሶይል_ሪደርን ክፍት ስናደርግ ከአራታችን ሌላ የሚነካው አይኖርም ብለን ነበር። በቅርቡ ከእኛ በታች ያለ ባች ለፕሮጀክቱ እየተጠቀመበት መሆኑን ሰማን። ስሙ ያኔ «ፋይናል_2» ቢሆን ኖሮ አያገኙትም ነበር፤ «ሲሪያል» ቢሆን ደግሞ እኛ ያጣነውን ሌሊት እነሱም ያጡት ነበር።

ለዛሬ ማታ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የፕሮጀክት ፎልደራችሁን ክፈቱና ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከምትጠቀሙበት ሞጁል ጋር ስሙ አንድ የሆነ የራሳችሁ ፋይል አለ ወይ? የጫናችሁት ፓኬጅ በእርግጥ የፈለጋችሁት ነው ወይ? የፋይሎቹን ስም ብቻ ያየ የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ፕሮጀክቱ ምን እንደሚሠራ መገመት ይችላል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ የዶርም ጓደኛችሁን ጠይቁ፤ ቢሳሳት ስሙን ቀይሩት እንጂ እሱን አትከራከሩት።

በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ ከሞጁሉ ጋር የሚያያዘውን የማብራሪያ ጽሑፍ አጻጻፍ እናያለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።